እመቤት ለእንግዳዋ ያነጠፈችው አልጋ

መተማ ዮሐንስ ላይ ከየካቲት እስከ ሰኔ ቤት ውስጥ የሚያድር ሰው የለም። ቆርቆሮው ቀን የጠጣውን ፀሐይ ማታ መልሶ ይተፋዋል፤ ውስጥ የተኛ ሰው እንደ ዳቦ በስሎ ያድራል። ስለዚህ ጀምበር ስታዘቀዝቅ ሁሉም አልጋውን ተሸክሞ ወደ ግቢው ያወጣል፣ አጎበሩን ይሰቅላል፣ ጊንጥ እንዳይወጣበት የአልጋውን እግሮች ውሃ ባለበት ጣሳ ውስጥ ያቆማል፣ ከዚያ ጋደም ብሎ ወሬውን ይቀጥላል። አጥራችን ደግሞ የማሽላ አገዳ ነው። ማን ከሚስቱ ጋር እንደተኳረፈ፣ ማን እንደሚያንኮራፋ፣ ማን ስለ ሰሊጥ ዋጋ እንደሚያማርር ለማወቅ ነገረኛ መሆን አያስፈልግም። እኔን ግን ሰፈሩ "አይናዲስ ወሬ ትወዳለች" ይለኛል። ታዲያ ጆሮዬን ነቅዬ ልጣለው እንዴ?

ከእኛ አጥር ማዶ ካለው ግቢ ብቻ ወሬ አይሰማም ነበር። እዚያ የምትኖረው እመቤት ናት። አልጋዋን ስትጎትት፣ ውሃ ጣሳ ውስጥ ስትጨምር፣ "በስመ አብ" ስትል ይሰማል። ከዚያ በኋላ ጸጥ ነው።

እመቤት ከጋይንት የመጣችው ገና በሙሽርነቷ ነው። ባሏ ደሞዝ አንድ ክረምት ሰሊጥ አርሞ፣ የበሬ መግዣ ይዞ ሊመለስ ነበር ሐሳቡ። ቆላ ግን የገባበትን ሰው በቀላሉ መች ይለቃል፤ ትራክተር መንዳት ለመደና ከአንድ የጎንደር ባለሀብት እርሻ ላይ ኦፕሬተር ሆኖ ቀረ። አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። ልጅቱን ገና ድክ ድክ ስትል ወባ ወሰዳት። እኔ ወደዚህ ሰፈር የመጣሁት ከዚያ በኋላ ስለሆነ አላየኋትም፤ እመቤትም አንድ ቀን አንስታት አታውቅም። ደሞዝን አውቀዋለሁ። ሳቂታ ሰው ነበር፤ እሱንም ያው ትኩሳት በሦስተኛው ቀን ይዞት ሄደ። የጋይንት ዘመዶቿ "ነይ፣ ምን ትሠሪያለሽ እዚያ በረሃ" ብለው ላኩባት። አልሄደችም። "ሁለቱንም እዚህ ቀብሬ የት እሄዳለሁ" ነው ያለችው።

በመኸር ጊዜ መጋዘን እየዋለች ከሴቶቹ ጋር ሰሊጥ ታበጥራለች። ያን ጊዜ ደህና ናት፤ አቧራ ጠግባ፣ ዘፈን ሰምታ፣ ደክማ ነው የምትመጣው። የካቲት ሲያልቅ መጋዘኑ ይዘጋል፣ ቀን ሠራተኛው ወደ ደጋው ይመለሳል፣ ከተማው ጭር ይላል። ያኔ የእሷን በር የሚያንኳኳ አይገኝም። አንድ ቀን ወንፊት ልዋስ ብዬ ስገባ ምሳዋን ቆማ ስትበላ አገኘኋት። ሳህኑን በአንድ እጇ ይዛ፣ ግድግዳ ተደግፋ።

"ቁጭ ብለሽ አትበይም እንዴ?" አልኳት።

"ለአንድ ሰው ማን ገበታ ያቀርባል" አለችኝ።

ዘጠና ስምንት ዓመተ ምሕረት ላይ የልጆቻችን ትምህርት ቤት ከደባርቅ ልጆች ጋር የልምድ ልውውጥ የሚባል ነገር ጀመረ። በጥር የእኛዎቹ ሄዱ። ልጄ ሠላማዊት የሰሜንን ተራራ አይታ፣ ጭላዳ አይታ፣ ገደል አፋፍ ላይ ቆማ ፎቶ ተነስታ፣ ጉንፋን ተሸክማ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ ስለ ውርጭ ያልነገረችን ቀን የለም። በግንቦት ደግሞ ተራው የእነሱ ሆነ። ደንቡ ልጅ የላከ ቤተሰብ እንግዳ ይቀበላል የሚል ነው። እኛ ማታ ማታ አልጋችን ላይ ሆነን ስለዚሁ ስንከራከር፣ ምን እናብላቸው፣ ወባ ቢይዛቸውስ ስንል፣ እመቤት ከአጥር ማዶ ለካ ሁሉንም ትሰማ ኖሯል።

የወላጅ ስብሰባው ዕለት ነጭ ነጠላዋን ለብሳ መጣች። እንግዳው የሚባለውን የልውውጡን ኃላፊ መምህር በር ላይ ጠብቃ ያዘችው።

"ለእኔም አንድ ልጅ ይስጡኝ" አለችው።

"ወይዘሮ እመቤት፣ እርስዎ እኮ የላኩት ልጅ የለም።"

"የሚመጣው ልጅ ምግብና መኝታ ነው እንጂ የሚፈልገው የእኔን ልጅ ነው እንዴ?"

መምህሩ ፈገግ አለና "እናስብበታለን" አላት። እናስብበታለን ማለት እንቢ ማለት መሆኑን ቢሮ የረገጠ ሁሉ ያውቀዋል። እሷ ግን አመነችና ሄደች። በየቀኑ በአጥሩ ቀዳዳ "ምን አሉ? አሰቡበት?" ትለኝ ጀመር። መጀመሪያ ሳቅኩባት። ቆይቶ ግን ሳቄ አለቀ፤ ያቺ ሴት የምትለምነው አምስት ማታ አብሯት የሚበላ ሰው ነበር፣ ሌላ ምንም አይደለም።

እግዜር ሲያደርገው ልጆቹ ሊገቡ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ከተቀባዮቹ አንዷ ትኩሳት ይዟት ተኛች። መምህር እንግዳው ሌላ ሰው አጣና ወደ እመቤት መጣ። እሱ ከግቢው ሳይወጣ እሷ እጇ ሊጥ እንደያዘ እኔ ዘንድ ደረሰች። "ሴት ልጅ ናት አሉኝ" ብቻ ነው ያለችው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሥራ አትጠይቁኝ። ቤቷን በኖራ አስቀባች። ድንበሩን አልፋ ሱዳን፣ ገላባት ተሻግራ አበባ ያለበት አንሶላ ገዛች። ባለቤቴ ቢሆነኝ የላላውን የአልጋዋን ጠፍር እንደ አዲስ ወጠረላት። ያቺ አልጋ ደሞዝ ራሱ የሠራት ናት፤ ሌላ አልጋ የላትም። አጎበሯም አንድ ነው፤ ቀዳዳውን ቁጭ ብላ በክር ለቃቀመችው። ከርከዴ የሚባለውን ቀይ አበባ ዘፍዝፋ መጠጡን በእንስራ አቀዘቀዘች። ዶሮ ገዛች። ፊቷ ሲበራ አይቼ እኔም ደስ አለኝ፣ ለምን እዋሻለሁ።

የደባርቅ ልጆች ሹራብና ጃኬታቸውን እንደደረቡ ከአውቶቡስ ወረዱ። እዚያ ሲነሱ ብርድ ነበር፤ እዚህ ሲደርሱ ምጣድ። ለእመቤት የደረሰቻት ወንጌል ትባላለች፤ ቀጭን፣ ጉንጯ በብርድ የቀላ፣ ሲያናግሯት ዓይኗን የምትሰብር፣ ዕድሜዋ አሥራ ስድስት ቢሆን ነው። እመቤት አገላብጣ ሳመቻት፣ ሻንጣዋን ከእጇ ነጥቃ ራሷ ላይ አደረገችና ፊት ፊት መራቻት።

እራት ላይ ልጅቱ እምብዛም አልበላችም፤ ሙቀቱ ከልክሏት ነው። እመቤት "ብይ ልጄ፣ ይችን ብቻ" ስትል እስከ እኛ ድረስ ይሰማል። ሲመሽ አልጋይቱን አወጣች። ነፋስ ከጓንግ ወንዝ በኩል የሚመጣበትን ቦታ መርጣ አቆመቻት፣ ያንን የአበባ አንሶላ አነጠፈች፣ አጎበሩን ሰቀለች። "ጋደም በይ ልጄ። ኮከቡን እያየሽ ተኚ" አለቻት። ከዚያ እሷ ራሷ ወደ ቤት ገባችና በሩን ሳብ አደረገችው።

"ይች ሴት ውስጥ ልትቀቀል ነው" አልኩት ቢሆነኝን።

"ዝም በይ፣ ይሰማል" አለኝ። እሱ ሁልጊዜ ይኼው ነው መልሱ።

ጠዋት በራችን ተንኳኳ። ስከፍት መምህር እንግዳው ቆሟል፤ ከኋላው ወንጌል ሻንጣዋን ይዛለች። ዓይኗ አብጧል።

"ወይዘሮ አይናዲስ፣ አንድ ልጅ ቢጨመርብዎትስ? እዚያ አልተመቻትም መሰለኝ።"

"ምኑ ነው ያልተመቻት?"

"አልተናገረችም። ውሰዱኝ ብቻ ነው የምትለው።"

ቤቴ የመጣ ልጅ አልመልስም፤ አስገባኋት። ቀና ስል እመቤት አጥሩ ጋ ቆማለች። በእጇ እንቁላል ጠብሳ ይዛለች፤ እንፋሎቱ ገና ይታያል። ልጅቱ አላየቻትም። እመቤት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "ምን አጎደልኩባት አይናዲስ?" አለችኝ። ምን ልበላት? የማውቀው ነገር የለ። "ልጅ ናት፣ ከእኩዮቿ ጋር መሆን ፈልጋ ይሆናል" አልኩ። ራሷን ነቀነቀችና ሳህኗን ይዛ ገባች።

መምህሩ በየቀኑ አንድ ቦታ ይወስዳቸው ነበር። አንድ ቀን ድንበሩ ላይ ካለው ድልድይ ጋ አቁሞ "ከዚያ ወዲያ ሱዳን ነው" አላቸው። ልጆቹ ትልቅ ነገር ጠብቀው ኖሮ፣ ከወዲህ የነበረችው ፍየል ማንንም ሳታስፈቅድ ተሻግራ ወዲያ ስትግጥ አዩና ተሳሳቁ። ጀለቢያ የለበሱ የጨው ነጋዴዎች ሻይ ጋበዟቸው፤ ሴቶቹ ልጆች የሱዳን ሴቶች የሚለብሱትን ቶብ ተጠቅልለው ፎቶ ተነሱ። ሌላ ቀን የዕጣን ዛፍ እንዴት እንደሚደማ አሳዩዋቸው። ማታ ግቢያችን በሳቅ ይሞላል። አራቱ ልጆቼ፣ ለእኛ የተመደበችው ልጅና ወንጌል፣ እኔና ቢሆነኝ፣ ሁላችንም አልጋ በአልጋ ተጠጋግተን እንተኛለን። ወንጌል ከእኛ ጋር ስትለምድ ጨዋታ አዋቂ ሆና ተገኘች፤ የመምህሮቻቸውን አረማመድ እያስመሰለች ሆዳችንን ታፈርሰዋለች።

ከአጥር ማዶ እመቤት አልጋዋ ላይ ናት። ፊቷን ወደ ወዲያኛው ግድግዳ አዙራ ትተኛለች። የአበባውን አንሶላ አንስታዋለች። እኔ ልጆቹን ዝም በሉ ልበል እላለሁ፣ መልሼ ደግሞ እንግዳ ልጅ እንዴት ሳቅ እከለክላለሁ እላለሁ። እንዲሁ ስገላበጥ እንቅልፍ ይወስደኛል።

በአምስተኛው ቀን ጓንግ ወንዝ ሊወርዱ ሆነ። የእግር ጉዞ ነው፣ ምሳ ከየቤቱ ይያዝ ተባለ። ልጆቹን እስከ መንገዱ የሚያደርሳቸው አይሱዙ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሟል። እኔ ለልጆቼና ለእንግዶቼ አስሬ ደረስኩ። እመቤት ከእኔ ቀድማ ቆማለች። በንጹሕ ጨርቅ የተቋጠረ ምሳ ይዛለች። ወንጌል ስትወጣ ጠጋ ብላ ዘረጋችላት።

ልጅቱ ዓይኗን ሰበረች። "ይዣለሁ እትዬ፣ ይስጥልኝ" አለች።

"ለመንገድ ይሆንሻል ብዬ ነው።"

"ይበቃኛል እትዬ።"

አይሱዙው ተነሳ። እመቤት ቋጠሮዋን እንደያዘች አቧራው ውስጥ ቀረች። ሰው ሁሉ አይቷታል። ያቺን ልጅ በዚያች ሰዓት ባገኛት ጆሮዋን አልምራትም ነበር። እመቤት ግን ወደ እኔ ዞረችና "ዱቄቱ የራሴ ነው፣ ንጹሕ ነው" አለችኝ። የተጸየፈቻት መስሏት ነው። ቤቷ ድረስ አብሬያት ሄድኩ።

ሲመሻሽ ልጆቹ ጓንግን ወርደው፣ ድንጋይ ለድንጋይ ዘለው፣ ኩሬ ውስጥ ተንቦጫርቀው፣ ፊታቸው ከስሎ መጡ። ሠላማዊት ወደ ጓዳ ጎትታ ወሰደችኝ።

"እማዬ፣ ወንጌል ወንዙ ላይ አለቀሰች። ለምን ከእትዬ እመቤት ቤት እንደወጣች ነገረችኝ።"

"ለምንድን ነው?"

"ከቤት አስወጥተው ውጭ ጣሉኝ ነው የምትለው።"

ወጥቼ ወንጌልን "ነይ እስቲ እዚህ ቁጭ በይ" አልኳት። ድምፄ አስፈርቷት ተቀመጠች።

"እመቤት ምን አደረገችሽ?"

መሬት መሬቱን እያየች "እኛ አገር ውጭ የሚያድረው ዘበኛና ውሻ ነው" አለች። "እዚህ ሰው ሁሉ ውጭ እንደሚተኛ እናንተ ቤት መጥቼ አየሁ። ግን እናንተ አብራችሁኝ ነው የምትተኙት። እሳቸው እኔን ውጭ ትተው እሳቸው ገቡ፣ በሩንም ሳቡት። ጅብ ሲጮህ እንኳን አልወጡም። የተጸየፉኝ መሰለኝ።"

"እግዚኦ" አልኩ። "እዚያ ግቢ ውስጥ ስንት አልጋ አየሽ?"

"አንድ።"

"አሁን እሷ የምትተኛበት የትኛው ነው?"

ገባት መሰለኝ፣ ቀና ብላ በአጥሩ ቀዳዳ ወደ እመቤት ግቢ አየች።

እኔ ግን ስናደድ ሳልጨርስ አላቆምም። "አንድ አልጋ፣ አንድ አጎበር ነው ያላት። ባሏ የሠራላት ናት። ነፋሱን ላንቺ ሰጥታ እሷ በዚያ እቶን ውስጥ ምንጣፍ ላይ፣ መሬት ነው የተኛችው። ወባና ጊንጥ ባለበት አገር። በሩን የሳበችው ልብሷን አውልቃ ልትጋደም ነው። ሰው ቆላ ላይ ውጭ አልጋ ሲያነጥፍልሽ ከቤቱ የተሻለውን ሰጥቶሻል ማለት ነው። ይኼን አንድ ሰው ቢነግርሽ ምን ነበረበት" አልኩ። የመጨረሻውን ለመምህሩ ነው ያልኩት፣ ባይኖርም።

ልጅቱ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ብዙ አለቀሰች። ሲበርድላት "ነገ ጠዋት ነው የምንሄደው። ዛሬ መሄድ እችላለሁ?" አለችኝ።

"እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ። አጥሩ ይኸው፣ በሩ ያው።"

ቢሆነኝ ያለ ልማዱ ሳይነገረው ተነሳና ከአልጋዎቻችን አንዱን ራሱ ላይ አደረገ። እኔ አጎበር ያዝኩ። ወንጌል ከኋላችን መጣች። እመቤት በር ላይ ቆማ አየችን። መጀመሪያ አልጋውን አየች፣ ቀጥሎ ልጅቱን። ወንጌል ጎንበስ ብላ ጉልበቷን ልትስም ስትል ብብቷን ይዛ አነሳቻት።

እመቤት "እራት በልተሻል?" አለቻት።

"አልበላሁም" አለች ልጅቱ። ውሸቷን ነው፤ ገና አሁን ከእኔ ገበታ ላይ ሁለት እንጀራ አንስታለች። አፌን ዘግቼ ባሌን ይዤ ወጣሁ።

ሁለቱ አልጋዎች ጎን ለጎን ተዘረጉ። የአበባው አንሶላ ተመልሶ ወጣ። እኔ ጆሮዬን ጣል አድርጌ ተጋደምኩ፤ ቢሆነኝም ያን ዕለት ዝም በይ አላለኝም። ወንጌል ደባርቅ ላይ ሦስት እህትማማቾች በአንድ አልጋ እንዴት እንደሚተኙ፣ ብርድ ልብሱን ማን እንደሚስብ አወራቻት። እመቤት ጋይንት ልጅ ሳለች ስለምታውቀው ብርድ ነገረቻት። ከዚያ የመምህሮቹን አረማመድ ስታሳያት እመቤት ሳቀች። የእመቤትን ሳቅ ከደሞዝ ቀብር ወዲህ ሰምቼው አላውቅም።

"ልጅ የለዎትም እትዬ?" ስትል ሰማሁ።

"ነበረችኝ። አትክልት ትባላለች። ብትኖር ያንቺ እኩያ ነበረች" አለች እመቤት።

ይህን ሁሉ ዓመት ጎረቤቷ ሆኜ የልጅቱን ስም ያን ማታ ሰማሁ። እነሱ ግን ወሬያቸውን ቀጠሉ፤ እንቅልፍ የወሰደኝ እኔን ነው።

በማግስቱ አውቶቡሱ ሲነሳ እመቤት የአበባውን አንሶላ አጥፋ ለወንጌል ሰጠቻት። ልጅቱ አንገቷ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች፣ "እመጣለሁ" አለቻት። ልጅ ነው፣ ይላል። እመቤት አላለቀሰችም። ከሰዓት በኋላ አልጋችንን ራሷ ተሸክማ መለሰችልን።

ያን ዕለት ማታ አልጋዋን አላወጣችም። ደክሟት ይሆናል አልን። በማግስቱም አላወጣችም። ግንቦት ነው፣ ዝናብ ገና አልጣለም፣ ሙቀቱ የውሻ ምላስ ያስወጣል፤ የእመቤት በር ግን ገና ሲመሽ ይዘጋል። በሦስተኛው ቀን ጠዋት አላስቻለኝም፣ ሄድኩ። የበሯ ደፍ ላይ ተቀምጣለች። አንገቷና ደረቷ በላብ ሽፍታ ቀልቷል።

"ምን ሆነሻል? አሞሻል እንዴ?"

"ደህና ነኝ።"

"ታዲያ ምን በወጣሽ ነው እዚያ እሳት ውስጥ የምታድሪው? አልጋው ተሰብሮ ከሆነ ቢሆነኝ ይሥራልሽ።"

"አልተሰበረም። ውጭ ስተኛ የሰው ወሬ ይሰማኛል።"

"ሁልጊዜስ ይሰማሽ አልነበረም እንዴ?"

"ይሰማኝ ነበር። ለምጄው ነበር እኮ፣ አይናዲስ። ስንት ዓመት ፈጅቶብኝ ነው የለመድኩት። ልጅቱ በአንድ ማታ አስረሳችኝ። አሁን ከየት ልጀምረው?"

አጠገቧ ትንሽ ተቀመጥኩና ልጆቼ ሲጠሩኝ ተነስቼ ሄድኩ። ማታ እንደ ልማዳችን አልጋ በአልጋ ተጋድመን፣ ትንሹ ልጄ የሆነ ነገር ተናግሮ ሁሉም መሳቅ ሲጀምሩ፣ ድምፃችሁን ቀንሱ አልኳቸው። ሠላማዊት ለምን ብላ ጠየቀችኝ። ዝም ብለሽ ተኚ አልኳት።